«ሰባት ወልጄ አሳድጌአለሁ» ላሉኝ አማቴ ምን ልመልስ?

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፤

እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከአዳማ ነው። ዕድሜዬ 27 ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ 4 ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ መዋዕለ ሕፃናት ገብታለች። ትንሹ ገና 1 ዓመት ከ3 ወሩ ነው። ሱቅ ተቀጥሬ ስለምሠራ ጠዋት ወጥቼ ቤት የምገባው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ልጆቹን የሚጠብቁልኝ የባለቤቴ እናት ናቸው። ለእኛ ብለው ከአርሲ ገጠር፣ ቤታቸውን ዘግተው ነው የመጡት።

ትንሹን ልጄን ተቅማጥ አልለቀው ብሏል። ሻል ይለውና ሁለት ሦስት ሳምንት በሰላም ይቆያል። ከዚያ ደግሞ ይጀምረዋል። አማቴ «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ይላሉ። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። አንድ ቀን ፖፖውን ደፍተው፣ ልጁን አጥበው፣ እጃቸውን በጭላጭ ውሃ ለቅለቅ አደረጉና ወዲያው እንጀራ በወጥ ፈትፍተው ያጎርሱት ጀመር። ያን ዕለት ዝም አልኩ። በሌላ ቀን ግን ጎረቤቶች ቡና ላይ ተሰብስበው ሳለ እንዲሁ ሲያደርጉ አየሁና «እማዬ፣ በሳሙና ይታጠቡ እንጂ! ልጄን ሊገድሉብኝ ነው?» አልኩ። ሁሉም ጸጥ አለ። እሳቸው «ሰባት ወልጄ አሳድጌአለሁ» ብለው ተነሥተው ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ልጁን በእጃቸው አያጎርሱትም። ምግቡንና ማንኪያውን አጠገቡ አድርገው ፊታቸውን ያዞራሉ። «አገሬ ልግባ» ማለትም ጀምረዋል። ባለቤቴ «ነገር አታብዢ፣ እኛም በዚሁ እጅ ነው ያደግነው» ይለኛል። የምንኖረው ኪራይ ግቢ ውስጥ ነው፤ አራት ቤተሰብ በአንድ ሽንት ቤት ነው የምንጠቀመው። ውሃ በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት ነው የሚመጣው፤ በበርሜልና በጀሪካን እናጠራቅማለን። እኔ ሳኒታይዘር ከቦርሳዬ አይለይም፤ ወለሉን በዴቶል ነው የማጥበው። አንዳንዴ አበዛሁት እንዴ እላለሁ። ሥራዬን ልተው? ሠራተኛ ልቅጠር? ወይስ ዝም ልበል?

ሁለት ያላት እናት፣ ከአዳማ

*

እህቴ፣ አላበዛሽም። ፖፖ የደፋ እጅ ሳሙና ሳይነካው ሕፃን ማጉረስ የለበትም። ብዙ ሰው የሕፃን ሰገራ ንጹሕ ይመስለዋል፤ አይደለም። ተቅማጥ የሚያመጡት ጀርሞች በእሱም ውስጥ አሉ፤ ከእጅ ወደ ምግብ፣ ከምግብ ወደ አፍ ይሄዳሉ። እጅን በሳሙና መታጠብ ብቻውን የሕፃናትን ተቅማጥ በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። ስለዚህ ዝም በይ አልልሽም።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አማትሽ ከቡናው የተነሡት ሳሙና ስለተባለ ነው? ወይስ ጎረቤት ፊት «ልጄን ሊገድሉብኝ ነው?» ስለተባሉ? እንደ እኔ እንደ እኔ ሁለተኛው ነው። እኚህ ሴት በስተርጅና ቤታቸውን ዘግተው መጥተዋል። በቤትሽ ውስጥ የእኔ የሚሉት ሥራ ልጁን ማብላት ነው። ጉርሻ ለእሳቸው ምግብ ማቅረብ ብቻ አይደለም፣ ፍቅራቸው ነው። ያን ቀን የተነካው እሱ ነው። ደግሞም ልብ በይ፤ ተቀይመውም ልጁን አልተዉትም። ምግቡን እያዘጋጁ፣ ማንኪያውን እያቀረቡ፣ አጠገቡ ተቀምጠው ይውላሉ። አንቺም ጨክነሽ አልተናገርሽም፤ ልጁ ደጋግሞ ሲታመም ያየሽው ፍርሃት ነው የተናገረው። ሁለታችሁም የምትጨነቁት ለአንድ ልጅ ነው። ይህ ነገር ይታረቃል ብዬ የማምነውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቂ። ይቅርታው ግን ለተናገርሽው ቃልና ለተናገርሽበት ቦታ ይሁን፤ ለሳሙናው አይደለም። ሁለቱን አትቀላቅያቸው። ሥራ የማትገቢበት ቀን ምረጪ፤ ልጁ ሲተኛ፣ ጎረቤት ሳይኖር፣ ከጎናቸው ቁጭ ብለሽ «እማዬ፣ ያን ቀን ሰው ፊት ያወጣሁት ቃል ጥፋት ነው። እርስዎ ባይኖሩልኝ እኔ ሥራ አልወጣም ነበር። ይቅር ይበሉኝ» በያቸው። በቤታችሁ ልማድ ከሆነ ጉልበታቸውን ሳሚ። ከዚያ እዚያው አቁሚ። «ይቅርታ፣ ግን ሳሙናውን...» ካልሽ ይቅርታሽን «ግን» ይበላዋል። የእጁ ነገር ለጥቂት ቀናት ይቆይ። በእነዚያ ቀናት ፖፖውና ማጉረሱ የሚያስፈራሽ ከሆነ፣ ቤት ባለሽበት ሰዓት ፖፖውን አንቺ ድፊ።

ቀጥሎ ያለውን ያለ ክርክር ማድረግ የሚቻል ይመስለኛል። በእኛ ባህል ትልቅ ሰው «ሄደህ ታጠብ» አይባልም። ውሃው ነው ወደ እሱ የሚሄደው። ድግስ ላይ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ከቤቱ ትንሹ ልጅ ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዞ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ያስታጥባል። ታጣቢውም «እደግ» ብሎ ይመርቃል። ይህንን ለእንግዳ ብቻ ለምን እናደርገዋለን? ከነገ ጀምሮ በቤትሽ ከምግብ በፊት ሁሉም ይታጠብ፤ አስታጣቢዋም የ4 ዓመቷ ልጅሽ ትሁን። ማንቆርቆሪያው ከከበዳት ግማሽ ድረስ ብቻ ሙዪላት። አያቷን ታስታጥብ፣ ትመረቅ። አንቺና ባለቤትሽ ስትታጠቡ እሳቸው ይዩ። አንድም ሰው ተለይቶ «አንቺ ታጠቢ» አልተባለም፤ የእሳቸው ክብር እንዲያውም ከፍ አለ። ቀን ላይ አንቺ በሌለሽበትም ይህችው ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመለስ «እማማ፣ ላስታጥብሽ» ማለቷ አይቀርም። ልጆች አንድ ሥራ የእኔ ነው ካሉ እንደማይለቁት ታውቂያለሽ።

እዚህ ላይ አንድ የብዙ ቤት ልማድ ላንሳ። ከምግብ በፊት በውሃ ብቻ እንለቃለቃለን፤ ከበላን በኋላ ግን የወጡ ዘይት እንዲለቅ በሳሙና እንታጠባለን። ሳሙናው የሚያስፈልገው ከመብላት በፊት ነው። ስለዚህ ሳሙናው ከማንቆርቆሪያው ጋር አብሮ ይምጣ። መዳፍና የእጅ ጀርባ፣ በጣቶች መሐል፣ በጥፍር ሥር ይታሽ፤ ቀስ ብሎ እስከ 20 የመቁጠር ያህል። ውድ ሳሙና አያስፈልግም። የልብስ ሳሙናም ይሠራል።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ፤ የነገሩ ሥር እዚያ ሳይሆን አይቀርም። አማትሽ ለምን በጭላጭ ውሃ ተለቃለቁ? ውሃ እየቆጠቡ ቢሆንስ? ሌሊት ተነሥተሽ በርሜል ስትሞዪ ያዩሻል። የእናንተን ውሃ ማባከን ነውር መስሏቸው ሊሆን ይችላል። ደግሞ አስቢው፤ ልጁ በሚታጠብበት ቦታና ሳሙናው ባለበት ቦታ መካከል ስንት እርምጃ አለ? አንድ እጃቸው ልጅ ይዟል፣ በሌላው ከበርሜል መቅዳት አለባቸው። ይህን የምልሽ ጥፋት ለማቅለል አይደለም። ሳሙናና ውሃ እጅ በሚቆሽሽበት ቦታ ላይ ከተቀመጡ ብዙ ምክር አያስፈልግም፤ ሩቅ ከሆኑ ደግሞ የትኛውም ምክር አይጠቅምም።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ በየሱቁና በየግቢው በር ላይ ባለ ቧንቧ ባልዲ ተቀምጦ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ቀስ በቀስ ጠፋ እንጂ ሐሳቡ ለዘለቄታው የሚጠቅም ነበር። አንድ ግዢ፤ ፖፖው በሚታጠብበት አካባቢ አስቀምጪው። ለጊዜው ካልተቻለ የ2 ሊትር ሃይላንድ ከታች በኩል ጎኑን በምስማር ብሺና አንገቱን ወደላይ አድርገሽ እንጨት ላይ እሰሪው። ክዳኑን ላላ ሲያደርጉት ይወርዳል፣ ጠበቅ ሲያደርጉት ይቆማል። ሳሙናውን በአሮጌ ስቶኪንግ ከትተሽ አጠገቡ አንጠልጥይው፤ አይጠፋም፣ መሬት ወድቆም አይቆሽሽም። በዚህ ዓይነት አንድ ሰው በደንብ ለመታጠብ ግማሽ ሊትር እንኳ አይፈጅም። ይህን ለአማትሽ ንገሪያቸው፤ «እማዬ፣ ይህ ባልዲ ለእጅ የተተወ ነው፣ አይቆጥቡት» በይ። ፈቃድ መስጠት አንዳንዴ ከማስተማር ይበልጣል።

የበርሜሉንም ነገር አስቢበት። ከበርሜል በኩባያ ሲቀዳ ጣት ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ንጹሕ የገባው ውሃም ሁለትና ሦስት ቀን ሲቀመጥ ይበከላል። የሚጠጣው ክዳን ባለው ጀሪካን ለብቻው ይቀመጥ፤ ከጀሪካኑ ይንቆርቆር እንጂ ምንም ነገር አይነከርበት። ለልጆቹ አፍልተሽ አቀዝቅዢ፤ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለውን የውሃ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምረሽ ለ30 ደቂቃ አቆዪው።

እህቴ፣ ሁሉንም በአማትሽ እጅ ላይ እንዳንጭን አንድ ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። ልጁ በጡጦ ይጠጣል? ጠዋት ለቀን የሚሆነውን ወተት ወይም ገንፎ አዘጋጅተሽ ነው የምትወጪው? የአዳማን ሙቀት የማውቀው ነው። የበሰለ ምግብ በዚያ ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ ክፍሉ ውስጥ ከዋለ ጀርም ይፈላበታል፤ ሽታው ሳይለወጥም ሊሆን ይችላል። ሞቅ ያለ ወተት በፔርሙስ ማቆየት ደግሞ ይብሳል፤ ለብ ያለ ወተት ለጀርም ምቹ ነው። በፔርሙሱ የፈላ ውሃ ይቀመጥበት፣ ምግቡ ግን በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ይሠራ። የጡጦው ጫፍና አንገቱ በደንብ ለማጽዳት በጣም አስቸጋሪ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ልጁ በኩባያ መጠጣት ይችላልና ጡጦውን ብትተዉት ደስ ይለኛል። የጡት ወተት ካላቋረጥሽ ግን ማታና ሌሊት ቀጥይ። ምናልባት የተቅማጡ መነሻ ይኸው ጡጦ ይሆናል። ያኔ አማትሽን ያየሽበት ዓይን ይለወጥ ይሆን?

ሳኒታይዘሩን በተመለከተ፣ ታክሲና ባጃጅ ላይ ይጠቅምሻል። ዓይን የሚያየው ቆሻሻ ወይም ቅባት ያለበት እጅ ላይ ግን ሳሙናን አይተካም፤ ከፖፖ በኋላ ደግሞ ጭራሽ አትመኚበት። ወለሉንም በየቀኑ በዴቶል ማጠብ አያስፈልግሽም። ያንን ጉልበትና ገንዘብ ወደ ሳሙና አዙሪው። በረኪና ቤት ካለ ግን አደራ፤ በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጪው። እየዳኸም ሆነ እየሄደ ያለ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ይህ በየከተማው የሚደርስ አደጋ ነው። ከጠጣ ለማስታወክ ሳትሞክሩ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ሽንት ቤቱ የአራት ቤተሰብ ነው ብለሻል። እዚያ ብቻሽን ምንም አታመጪም። ጎረቤቶችሽን በቡናው ላይ አነጋግሪያቸው፤ ግን የአማትሽን ነገር ፈጽሞ ሳታነሺ፣ እሳቸውም ባሉበት። «ልጆቻችን ደጋግመው እየታመሙ ነው፣ በወር ትንሽ ትንሽ አዋጥተን በሽንት ቤቱ በር ላይ ጀሪካንና ሳሙና እናድርግ፤ ጽዳቱን በተራ እንያዘው» ብትይ እምቢ የሚል አይመስለኝም። ሁሉም ልጅ አለው። የየቤቱ ፖፖ ደግሞ ሽንት ቤት ይደፋ እንጂ ቱቦ ዳር ወይም ቆሻሻ ላይ አይደፋ። ዝንብ እዚያ አርፎ ነው ወደ ልጁ ሳህንና ዓይን የሚመጣው። የልጅሽን ፊት ጠዋትና ማታ ማጠብም እንዳይረሳ፤ አቧራና ዝንብ ባለበት ከተማ የዓይን አር ትራኮማ ለሚባለው የዓይን ሕመም መንገድ ይከፍታል።

ባለቤትሽ «በዚሁ እጅ ነው ያደግነው» ማለቱ እናቱን ለመከላከል ነው፤ አትፍረጂበት። ግን እናቱ ያሳደጉት ሌላ ቦታ ነው። ያ ግቢ የራሳቸው ነበር፤ ሽንት ቤቱን ሦስት ሌላ ቤተሰብ አይጋራውም። ይህን ለባለቤትሽ ብትነግሪው ይገባዋል። እናቱ አያሳድጉም አልተባለም፤ ልጁ ያለበት ቦታ ነው የተለየው። ከእሱ የምትፈልጊው ደግሞ አማላጅነት አይደለም፤ እሱ ራሱ ከሥራ ሲገባ ልጁን ከማንሣቱ በፊት በሳሙና ይታጠብ። እናቱ እሱን ካዩ ብዙ ንግግር ይቀንሳል።

«ሰባት ወልጄ አሳድጌአለሁ» ያሉት ቃልም ክፉኛ ገብቶኛል። አንድ ምሽት ተረጋግታችሁ ሳላችሁ ስለ እነዚያ ሰባት ልጆች ጠይቂያቸው። ማን ያስቸግር ነበር? ማን ታሞባቸው ያውቃል? በዚያ ዘመን ልጅ ሲያስቀምጠው ምን ያደርጉ ነበር? በእሳቸው ዕድሜ ካሉ እናቶች ብዙዎቹ የቀበሩት ልጅ አለ፤ ከሚቆጥሯቸው ውጭ፣ ስሙን የማያነሡት። ካለ ይነግሩሽ ይሆናል፣ ባይነግሩሽም አትጎትቺ። ለመርታት ብለሽ እንዳትጠይቂ ብቻ፤ ያውቁብሻል። ሰው ታሪኩ ሲሰማለት ልቡ ይከፈታል፤ የአንቺን ፍርሃት ለመስማትም ያኔ ቦታ ይኖራቸዋል።

የጥርሱ ነገር። ጥርስ ሲወጣ ልጅ ይነጫነጫል፣ ለሃጩ ይበዛል፤ እንዲህ የሚመላለስ ተቅማጥን ግን ጥርስ አያመጣውም። በዚህ ዕድሜ ያገኘውን ሁሉ አፉ ስለሚከት ነው ሁለቱ የሚገጣጠሙት። «ጥርሱን እናስነቅልለት» የሚል ሐሳብ ከማንም ቢመጣ ግን ያን ጊዜ በፍቅርም ቢሆን እምቢ በይ። ድድ መቁረጥ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል።

ሲያስቀምጠው ኦአርኤስ የሚባለው የተቅማጥ ዱቄት አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጥ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡት። ከእሱ ጋር የሚሰጠው ዚንክ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ይወሰዳል፤ ብዙ እናት ሲሻለው ታቋርጠዋለች። ምግብና ጡት አይከልከል። ፍላጅልና ሌላ መድኃኒት ከፋርማሲ በራስ መግዛት ይቅር። ደም ካየሽ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ያጠጡትን ሁሉ ካስታወከ፣ ከደከመና ከፈዘዘ በሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ውሰጂው። 14 ቀን ከሞላውም ቤት ውስጥ አታቆዪው። ይህን ለአማትሽ አሳዪያቸው፤ ቀን አብረውት ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ምልክቱን መጀመሪያ የሚያዩትም እሳቸው ናቸው።

ደህና በሆነበት ቀንም አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ይታይልሽ። እንዲህ የሚመላለስ ተቅማጥ ክብደት ይቀንሳልና ይመዘን። 15 ወር ሞልቶታል፤ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በዚህ ዕድሜ ስለሆነ ካርዱን ያዢ። አማትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። «እርስዎ ናቸው ቀን የሚውሉት፣ እርስዎ ይንገሯቸው» ብለሽ ለባለሙያዋ እሳቸው ያስረዱ። ባለሙያዋ ስለ እጅ መታጠብ መጠየቋ አይቀርም፤ አንቺ ዝም በይ። ያው ቃል ከምራት አፍ ሲወጣና ከባለሙያ አፍ ሲወጣ አንድ አይደለም። መሄዱ ካልተመቻችሁ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወደ ግቢው እንድትመጣ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ሥራዋ ነው፣ ለአራቱም ቤት ይጠቅማል።

ሥራሽን ለመተው አሁን አትወስኚ። በተከፋ ልብ የሚወሰን ነገር አይደለም፤ ገቢሽ ሳሙናውንም ባልዲውንም የሚገዛው ነው። ሠራተኛ መቅጠሩም እንደዚያው፤ አዲሷም ልጅ የምትገባው ሳሙናው ሩቅ ወደሆነበትና ውሃው ወደሚቆጠብበት ወደዚያው ቤት ነው። አማትሽም በዚህ ሰሞን ሠራተኛ ሲመጣ ቢያዩ «ተባረርኩ» ነው የሚሉት። ሁለት ወር ያህል ይህን ሞክሩና የልጁን ሁኔታ እዪ። እሳቸው ይቅርታሽን ተቀብለውም «ልሂድ» ካሉ፣ ምናልባት ቤታቸው፣ ከብታቸው፣ ጎረቤታቸው ናፍቋቸው ይሆናል። ያኔ ለጥቂት ሳምንት ሄደው የሚመለሱበትን መንገድ ከባለቤትሽ ጋር አመቻቹ፤ በኩርፊያ ሳይሆን በስንቅ ይሸኙ።